የአሌክሳንድር ዱማ ታሪክ፤ ከግንብ ይልቅ መጽሐፍ እንደሚጸና

ሰው በዕድሜው የሚሰበስበው ሀብት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በእጅ የሚያዝና በዓይን የሚታይ ነው፤ ይህም ቤት፣ መሬት፣ ወርቅና ልብስ ነው። ሁለተኛው በልብ የሚያዝ ነው፤ ይህም ዕውቀት፣ መልካም ስምና የእጅ ሙያ ነው። የፊተኛውን ሌባ ይሰርቀዋል፤ አበዳሪም ይወስደዋል። የኋለኛውን ግን ባለቤቱ ራሱ ካልጣለው በቀር ማንም ሊወስድበት አይችልም። ይህ ነገር እውነት መሆኑን ኑሯቸው ከሚመሰክርላቸው ሰዎች አንዱ አሌክሳንድር ዱማ የተባለው የፈረንሳይ ደራሲ ነው። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዱማ ዘር የሚቈጠረው ከፈረንሳይ አገር ብቻ ሳይሆን ከውቅያኖስ ማዶም ነው። ዛሬ ሃይቲ የምትባለው አገር በዚያ ዘመን ሴን ዶሚንግ እየተባለች በፈረንሳይ መንግሥት ትገዛ ነበር። በዚያም ከአፍሪካ በመርከብ ተጭነው የተወሰዱ ሰዎችና ልጆቻቸው በባርነት ተይዘው ሸንኮራ አገዳና ቡና ያለሙ ነበር። ከነዚህ ባሮች አንዲቱ ማሪ ሴሴት ዱማ ትባል ነበር። እርስዋም በ1762 ከአንድ የፈረንሳይ መኰንን ቶማ አሌክሳንድር የተባለ ወንድ ልጅ ወለደች። መኰንኑ ወደ አገሩ ለመመለስ በፈለገ ጊዜ ለመንገዱ የሚሆን ገንዘብ ስላጣ የገዛ ልጁን በመያዣ ሸጠው፤ ኋላም ገንዘቡን ከፍሎ ወደ ፈረንሳይ አስመጣው።

ቶማ አሌክሳንድር ካደገ በኋላ በ1786 ተራ ወታደር ሆኖ ከፈረሰኛ ጦር ገባ። አባቱ ግን የመኳንንት ቤት ስም በተራ ወታደር ላይ እንዲጠራ አልወደደም። ስለዚህ ወጣቱ የአባቱን ስም ትቶ የእናቱን ስም ያዘ፤ በጦሩም መዝገብ ዱማ ተብሎ ተጻፈ። እንግዲህ ኋላ በዓለም ሁሉ የታወቀው ይህ ስም የአንዲት ባሪያ ሴት ስም ነው። ወታደሩም በጕልበቱና በጀግንነቱ እየታወቀ ሄዶ በ1793 ጄኔራል ሆነ።

ጄኔራል ዱማ በ1798 ከናፖሌዎን ጋራ ወደ ግብፅ ዘመተ። በ1799 ወደ አገሩ ሲመለስ የተሳፈረባት መርከብ ውሃ ስለ ገባባት፣ ታራንቶ ወደሚባለው የኢጣልያ ወደብ ለመጠጋት ግድ ሆነባት። ያ ወደብ ያን ጊዜ በናፖሊ ንጉሥ እጅ ነበረ፤ ንጉሡም የፈረንሳይ ጠላት ስለ ነበረ ጄኔራሉን ይዞ ሁለት ዓመት ያህል በእስር ቤት አኖረው። ያ ብርቱ ሰው በ1801 ሲፈታ ጤናው ጠፍቶና ሰውነቱ ተሰብሮ ወጣ። ናፖሌዎንም ቀድሞ ስለ ተቀየመው አላሰበለትም፤ በእስር ሳለ የቀረበት ደመወዝ እንኳ ሳይከፈለው ቀረ።

የዚህ ጄኔራል ልጅ አሌክሳንድር ዱማ ከፓሪስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው በቪሌር ኮትሬ ከተማ ሐምሌ 24 ቀን 1802 ተወለደ። እናቱ ማሪ ሉዊዝ ላቡሬ የዚያው ከተማ ሰው ነበረች። በዚያው በ1802 ናፖሌዎን ከጥቂት ዓመት በፊት ተሽሮ የነበረውን ባርነት ከባሕር ማዶ ባሉት ግዛቶች እንደ ገና እንዲጸና አዘዘ። አያቱ ባሪያ የነበረች ሕፃን የተወለደው እንዲህ ባለው ዘመን ነው።

ጄኔራሉ በየካቲት 1806 ሞተ፤ ሕፃኑ ገና አራት ዓመት አልሞላውም ነበር። ዱማ ራሱ ኋላ በጻፈው የሕይወቱ ታሪክ እንደሚተርከው፣ አባቱን እግዚአብሔር ወሰደው ብለው በነገሩት ጊዜ የአባቱን ጠመንጃ አንሥቶ ደረጃውን ይወጣ ጀመር። እናቱም አግኝታው ወዴት እንደሚሄድ ብትጠይቀው፣ አባቱን የወሰደበትን ሊወጋ ወደ ሰማይ እንደሚወጣ ነገራት። እናቱ ጠመንጃውን ከእጁ ወስዳ አቀፈችው። ሐዘን ያልበሰለ ልብን ምን ያህል እንደሚያሳውረው ከዚህ ይታወቃል።

መንግሥት ለጄኔራሉ ሚስት ጡረታ አልሰጣትም። ደጅ ብትጠናም፣ ደብዳቤ ብትጽፍም የሚሰማት አላገኘችም። በ1814 ግን የትምባሆ መሸጫ ሱቅ ለመክፈት ፈቃድ አግኝታ ልጅዋን በዚያ ታሳድግ ጀመር። በዚያው ዓመት ናፖሌዎን ወድቆ የቀድሞዎቹ ነገሥታት ዘር ወደ ዙፋኑ ተመለሰ፤ የመኳንንትም ስም እንደ ገና የሚከበርበት ጊዜ ሆነ። እናቱም የአሥራ ሁለት ዓመቱን ልጅ አቅርባ፣ የመኰንኑን የአያቱን ስም ቢይዝ በአዲሱ ንጉሥ ዘንድ ሹመትና እንጀራ ሊያገኝ እንደሚችል፣ ዱማ ተብሎ ቢቀር ግን ሁሉን በገዛ ድካሙ ማግኘት እንዳለበት አስረዳችው። ልጁ ብዙ አላሰበም። አባቱ የተጠራበትን ስም መረጠ። በድኻ ቤት ያለ ልጅ ከቀረበለት ማዕርግ ይልቅ የአባቱን ስም መምረጡ የልቡን ጽናት ያሳያል።

በትምህርት ቤት ሳለ ዱማ እንደ ሌሎች ልጆች ነበረ፤ በአንዳንዱ ትምህርት ይበረታል፣ በአንዳንዱም ይደክማል። ሒሳብ ፈጽሞ አልሆነለትም። ከመጽሐፍ ይልቅ በከተማው ዙሪያ ያለውን ትልቅ ዱር ይወድ ነበርና አዳኞችን እየተከተለ ይውል ነበር። አንድ ነገር ግን በሚገባ ተማረ፤ ይህም ቁም ጽሕፈት ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ የተስተካከለ፣ ለሚያነበው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነበር። ያን ጊዜ ይህ ነገር ታናሽ መስሎ ይታይ ነበር። ትምህርቱን ከተወ በኋላ በአንድ የውል አዋዋይ ቤት ገብቶ ወረቀት ይገለብጥ ነበር።

ዱማ በ1823 በሃያ ዓመቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ፓሪስ ወጣ። ከእጁ ጥቂት ገንዘብና የአባቱ ወዳጆች ለነበሩ ሰዎች የሚሰጥ ደብዳቤ በቀር ምንም አልነበረውም። ከነዚያ ሰዎች የሚበዙት ፊታቸውን አዞሩበት። ጄኔራል ፎዋ የሚባለው የአገሩ ምክር ቤት አባል ግን በደኅና ተቀበለው። ምን ትምህርት እንዳለው በጠየቀው ጊዜ ግን ዱማ አፈረ። ሒሳብ አያውቅም፤ ሕግም አልተማረም፤ የግሪክ ቋንቋም አላጠናም። ጄኔራሉም አዝኖ፣ ምናልባት ሥራ የተገኘ እንደ ሆነ ለመላክ የሚያድርበትን ቤት እንዲጽፍለት ወረቀት ሰጠው። ዱማ በጻፈ ጊዜ ጄኔራሉ ጽሕፈቱን አይቶ ደስ አለው፤ የሚያስፈልገው ነገር ተገኝቶ ነበርና። በዚህም ምክንያት በኦርሌያን መስፍን ጽሕፈት ቤት በዓመት 1,200 ፍራንክ ደመወዝ ጸሓፊ ሆኖ ገባ። ልጅ ሳለ በትዕግሥት የተማረው ትንሽ ነገር በጭንቅ ቀን እንጀራ ሆነለት።

ዱማ እንጀራ ባገኘ ጊዜ አልተኛም። ድንቍርናው በጄኔራሉ ፊት እንዳሳፈረው አልረሳምና ያጐደለውን ለመሙላት ተነሣ። ከእርሱ ጋራ በጽሕፈት ቤቱ የሚሠራ ላሳኝ የተባለ ሰው ማን ማንን ማንበብ እንደሚገባው መከረው። ቀን የመስፍኑን ደብዳቤ ሲጽፍ ይውላል፤ ማታ ታሪክና ቅኔ፣ የእንግሊዙን የሼክስፒርን ቴያትር፣ የዋልተር ስኮትንም መጻሕፍት ሲያነብ ያመሻል። ከዚያም ራሱ ይጽፍ ጀመር። የጻፈው ሁሉ ቶሎ አልተወደደለትም፤ ቢሆንም ተስፋ ሳይቈርጥ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይጀምር ነበር።

በየካቲት 1829 ስለ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ የጻፈው ቴያትር በፓሪስ በታላቁ ቴያትር ቤት ተሠራ። ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ግን እናቱን ድንገተኛ ደዌ መታት፤ ካካሏም እኩሌታው በድን ሆነ። ዱማ በዚያች ሌሊት የቴያትሩ አንዱ ክፍል ባለቀ ቍጥር እየሮጠ ወደ እናቱ አልጋ ይሄድ፣ አይቷትም ይመለስ ነበር። ተመልካቹ በጭብጨባ ቤቱን ሲያናውጥ እርሱ ልቡ ከታመመች እናቱ ዘንድ ነበረ። በማግሥቱ ስሙ በፓሪስ ሁሉ ተሰማ። ክብር ባገኘባት ሌሊት ያሳደገችውን ያልረሳ ልጅ ምስጉን ነው። እናቱም ከዚያ በኋላ እስከ 1838 ድረስ በሕይወት ኖረች።

ዝናው እየበዛ በሄደ መጠን የሚንቁትና የሚቀኑበትም በዙ። ጠጕሩ የተጠቀለለ፣ መልኩም የአያቱን የማሪ ሴሴትን ወገን የሚያሳይ ነበርና በጋዜጣ እየሣሉ ይሣለቁበት ነበር። በ1845 አንድ ጸሓፊ በቀለሙና በዘሩ የሚሳደብ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመበት። ዱማ ጠመንጃ አላነሣም፤ ወደ ዳኛ ሄደ። ዳኛውም ተሳዳቢውን ጥፋተኛ አድርጎ ቀጣው። ከዚህ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በ1843 ዱማ ጆርጅ የተባለ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ መጽሐፉም በሞሪሸስ ደሴት ስለ ቀለሙ የተናቀ ሰው ክብሩን ለማስመለስ ያደረገውን ትግል የሚተርክ ነው።

በዚያ ዘመን የፓሪስ ጋዜጦች ረጅም ልብ ወለድ ታሪክ እየከፋፈሉ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያትሙ ነበር። አንባቢውም የነገውን ለማወቅ ሲጓጓ ጋዜጣውን ይገዛ ነበር። ዱማ በዚህ ሥራ እኩያ አልነበረውም። ሦስቱ ሙስኬተሮች የሚባለው መጽሐፉ በ1844 ወጣ፤ ይህም የንጉሥ ወታደሮች የሆኑ ወዳጆች ስለ ነበራቸው መተማመን የሚናገር ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት የሚባለው ታሪክ በጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ የተፈጸመውም በጥር 1846 ነው። ኮንት የመኳንንት ማዕርግ ነው፤ ሞንቴ ክሪስቶም በኢጣልያ አጠገብ በባሕር ውስጥ ያለች ድንጋያማ ደሴት ናት።

የመጽሐፉ ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኤድሞን ዳንቴስ የተባለ የማርሴይ ወጣት መርከበኛ የመርከብ አለቃ ሊሆንና ሚስት ሊያገባ በተቃረበበት ጊዜ ምቀኞች በሐሰት ደብዳቤ ይከሱታል። ዐቃቤ ሕጉም ለራሱ ጥቅም ሲል ንጹሕ መሆኑን እያወቀ በባሕር መካከል ባለው በኢፍ ግንብ ያሳስረዋል። በዚያ 14 ዓመት ይኖራል። ተስፋ ቈርጦ ሊሞት ባሰበ ጊዜ ፋርያ የሚባል እስረኛ ቄስ ለማምለጥ መሬት ሲቈፍር መንገድ ስቶ ከዳንቴስ ክፍል ይደርሳል። ቄሱም ለወጣቱ ቋንቋ፣ ሒሳብና ታሪክ ያስተምረዋል፤ በሞንቴ ክሪስቶ ደሴት ተቀብሮ ስላለው መዝገብም ይነግረዋል። ቄሱ ሲሞት ዳንቴስ ሬሳው በተሰፋበት ከረጢት ውስጥ ራሱ ይገባል፤ ጠባቂዎቹም ሬሳ መስሏቸው ወደ ባሕር ይጥሉታል፤ እርሱም ከረጢቱን ቀዶ ዋኝቶ ያመልጣል።

ከዚህ በኋላ ዳንቴስ ባለጠጋ ሆኖ የበደሉትን አንድ በአንድ ይበቀላቸዋል። ነገር ግን የበቀሉ እሳት ከጠላቶቹ አልፎ በደል የሌለበትን ሕፃን በነካ ጊዜ ይደነግጣል፤ በሰው ላይ እንደ አምላክ ሆኖ መፍረድ እንደማይገባው ያስተውላል፤ የመጨረሻውንም ጠላቱን ይቅር ይለዋል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከወርቁ ይልቅ የሚበልጠው መዝገብ ቄሱ በጨለማ ክፍል ያስተማረው ትምህርት ነው። ወርቁን ያገኘው ከወጣ በኋላ ነው፤ ትምህርቱ ግን በእስር ሳለ ሕይወቱን አተረፈለት።

ዱማ ይህን ሁሉ ብቻውን አልሠራም። ኦጉስት ማኬ የሚባል የታሪክ አስተማሪ የነበረ ሰው የጥንት መጻሕፍትን እየመረመረ፣ የታሪኩንም አካሄድ እያሰናዳ ይረዳው ነበር። ዱማም ያንን ወስዶ እንደ ገና እየጻፈ ሕይወት ይዘራበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው በሁለቱ ድካም ታላቅ ሥራ ተሠራ። በመጽሐፉ ላይ የታተመው ግን የዱማ ስም ብቻ ነበር። ማኬ ኋላ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1858 ዳኞች ገንዘብ እንዲከፈለው ፈረዱለት እንጂ ስሙ በመጽሐፉ ላይ እንዲጻፍ አልፈቀዱም። ዱማ ለሌላው ሁሉ ቸር ሲሆን በዚህ ነገር ጐደለ። አብሮ የደከመን ሰው በገንዘብ ብቻ ማሰናበት አይበቃም፤ ስሙንም ማንሣት ይገባል።

መጻሕፍቱ ብዙ ገንዘብ አመጡለት። ዱማም በፓሪስ አጠገብ በፖር ማርሊ ከኮረብታ ላይ ትልቅ ግንብ አሠርቶ በመጽሐፉ ስም ሞንቴ ክሪስቶ አለው። ከግንቡም ፊት ለፊት ዙሪያውን ውሃ የከበበው ትንሽ የጽሕፈት ቤት ሠርቶ የኢፍ ግንብ ብሎ ሰየመው፤ በድንጋዮቹም ላይ የመጻሕፍቱን ስም አስቀረጸ። በሐምሌ 1847 ግንቡ ሲመረቅ ወደ 600 የሚጠጉ እንግዶች ጠራ። ቤቱ ለመጣ ሁሉ የተከፈተ ነበር፤ የሚያውቀውም የማያውቀውም ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይበደራል። ዱማ የሰጠውን አይቈጥርም፤ የተበደረውንም አይቈጥርም። ልጅ ሳለ የናቀው ሒሳብ እዚህ ተበቀለው።

በ1848 በፓሪስ አብዮት ተነሣ፤ ሕዝቡም ከቴያትርና ከልብ ወለድ ታሪክ ይልቅ የዕለቱን ወሬ ይከተል ጀመር። ዱማ ያቋቋመው ቴያትር ቤት ኪሳራ ላይ ወደቀ። አበዳሪዎች ተሰብስበው መጡ። ያ ያማረ ግንብ በተመረቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ካወጣበት ገንዘብ እጅግ ባነሰ ዋጋ ተሸጠ። ዱማም በ1851 ፓሪስን ለቆ ወደ ብራስልስ ተሰደደ። በዚያ ግን ተቀምጦ አላለቀሰም፤ ብዕሩን ይዞ የሕይወቱን ታሪክ ጻፈ። ግንቡን ወሰዱበት፤ ብዕሩን ግን ሊወስዱበት አልቻሉም።

በ1860 ጋሪባልዲ የተባለው የኢጣልያ ጀግና የናፖሊን መንግሥት ለመጣል በተነሣ ጊዜ ዱማ በመርከቡ ሄዶ ጠመንጃ ገዝቶ ረዳው። ይህ መንግሥት አባቱን በታራንቶ ያሰረው መንግሥት ነበር። መንግሥቱም በወደቀ ጊዜ ጋሪባልዲ ዱማን የናፖሊ ቤተ መዘክርና የጥንት ፍርስራሽ ቍፋሮ ኃላፊ አደረገው። አባቱ በሰንሰለት በኖረበት መንግሥት፣ ልጁ የጥንት ዕቃ ጠባቂና የጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ አራት ዓመት ያህል ኖረ።

በመጨረሻው ዘመኑ ዱማ ደከመ፤ ገንዘቡም አለቀ። እንደ እርሱ አሌክሳንድር የሚባል፣ ደራሲም የሆነ ልጁ በዲየፕ አጠገብ በባሕር ዳር ወዳለው ቤቱ ወሰደው። በዚያም ታኅሣሥ 5 ቀን 1870 ሞተ። ፈረንሳይ ያን ጊዜ ከፕሩስያ ጋራ በጦርነት ላይ ነበረችና ታላቁ ደራሲ ብዙ ለቅሶ ሳይደረግለት ተቀበረ። በ1872 አጥንቱ ወደ ተወለደባት ከተማ ፈለሰ። በኅዳር 30 ቀን 2002 ደግሞ በተወለደ በ200 ዓመቱ፣ ፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎቿን ወደምታሳርፍበት ፓንቴዎን ወደሚባለው ሕንፃ በክብር ተወሰደ። የአገሪቱም ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ባደረጉት ንግግር፣ ደራሲው ስለ ቀለሙ የደረሰበትን ንቀት አንሥተው ያ በደል እንዲካስ መሆኑን አስታወቁ። የባሪያይቱ የማሪ ሴሴት ስም ከነገሥታት አገር ታላላቆች ጋራ ተጻፈ።

የሰውየውና የግንቡ ነገር እንዲህ ሆነ። የመጽሐፉ ነገር ግን በዚህ አላለቀም። መጽሐፍ እግር ባይኖረውም ከጻፈው ሰው ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። ምን ያህል እንደሄደ ለማወቅ ካንዲት ታናሽ አገር ያለውን ማየት ይበቃል።

ክሮኤሺያ ከኢጣልያ ማዶ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር ያለች አገር ናት። በዱማ ዘመን በኦስትሪያ ነገሥታት ሥር ነበረች። ሕዝቧ የራሱ ቋንቋ ነበረው፤ ነገር ግን በዋና ከተማዋ በዛግሬብ የሚሰበሰበው ምክር ቤት የሚነጋገረውና ሕግ የሚጽፈው በላቲን ነበር። ገበሬውና ነጋዴው የሚናገሩት ቋንቋ ለትልቅ ነገር አይበቃም ተብሎ ይናቅ ነበር። በ1830 ሉዴቪት ጋይ የሚባል ወጣት ስለ ቋንቋው አጻጻፍ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ክሮኤሺያውያን ዛሬ የሚጽፉበት ፊደል ከእርሱ ሥራ የተገኘ ነው። በ1843 ኢቫን ኩኩሌቪች በምክር ቤቱ ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝቡ ቋንቋ ተናገረ። በጥቅምት 23 ቀን 1847 ምክር ቤቱ ክሮኤሽኛ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ።

ዓመቱን ማስተዋል ይገባል። በ1847 በሐምሌ ወር በፖር ማርሊ ግንብ ሲመረቅ፣ በጥቅምት ወር በዛግሬብ ለአንድ ሕዝብ ቋንቋ በር ተከፈተ። ዱማ ስለ ግንቡ ተደሰተ፤ ስለ ዛግሬቡ ነገር ግን ያሰበው የለም። ሆኖም ግንቡ ከእጁ ሲወጣ፣ በዚያ በሌላው በር መጽሐፉ ገባ። የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት በክሮኤሽኛ ግሮፍ ሞንቴ ክሪስቶ ተብሎ ተተርጕሞ ይነበባል፤ ግሮፍ ማለት በቋንቋቸው ኮንት ማለት ነው።

መጽሐፍ መተርጐም ቀላል ሥራ አይደለም። የሞንቴ ክሪስቶ ታሪክ 117 ምዕራፍ ያለው ረጅም መጽሐፍ ነው። ተርጓሚው የመርከበኛውን ቃል በመርከበኛ ቃል፣ የቄሱን ቃል በቄስ ቃል፣ የመኳንንቱን ወግ በመኳንንት ወግ መመለስ አለበት። ቃሉ በቋንቋው ባይኖር ይፈልገዋል፤ ሕዝቡ ከሚናገረው ውስጥ ቈፍሮ ያወጣዋል። በዚህም ሥራ ለአንባቢው ታሪክ ይሰጠዋል፤ ለቋንቋውም ጕልበት ይጨምርለታል። ለትልቅ ነገር አይበቃም የተባለ ቋንቋ ትልቁን መጽሐፍ ተሸክሞ ሲቆም የናቁት ያፍራሉ።

እንዲህ ያለው ረጅም መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በአንድ ጥራዝ ሳይሆን በሁለት፣ በሦስት፣ ከዚያም በበለጠ ጥራዝ እየተከፈለ ይታተማል። በብዙ እጅ ሲዞር አንዱ ጥራዝ ይጠፋል፤ ሽፋኑ ይላላል፤ ገጹ ይቀደዳል። ስለዚህ መጽሐፍ ወዳድ የሆነ ሰው አሮጌውን ትርጕም ሁሉም ጥራዝ ሳይጐድል፣ መጠረዣው ሳይፈታ፣ ገጹ ሳይቀደድ ያገኘው እንደ ሆነ እንደ ዕንቍ ቈጥሮ ያኖረዋል። የወረቀቱ ዋጋ ሲታተም ትንሽ ነበር። ዋጋውን ያበዛው የጻፈው፣ የተረጐመው፣ በንጹሕ እጅም ጠብቆ ለልጅ ልጅ ያቈየው ሰው ድካም ነው።

የፖር ማርሊው ግንብ ዛሬም ቆሟል፤ ሰዎችም ገብተው ይጐበኙታል። ይሁን እንጂ ሊፈርስ ደርሶ ሳለ የተረፈው ያ መጽሐፍ የተጻፈበትን ሰው ስም የሚወዱ ስለ ረዱት ነው። ዱማ ግንቡ መጽሐፉን እንዲያስታውስለት አስቦ በድንጋይ ላይ አስቀርጾት ነበር፤ ነገሩ ተገልብጦ መጽሐፉ ግንቡን አቆመለት።

ከዚህ ሰው ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ነው። ገንዘብን ያለ ሒሳብ መበተን ባለጠጋውን ለማኝ ያደርጋል። የረዳን ሰው ስም መሸሸግ የመልካምን ሥራ ውበት ይቀንሳል። የተናቀ ሰው በቂም ፈንታ በሥራው ቢመልስ ንቀቱ በናቁት ላይ ይመለሳል። ከሁሉ በላይ ግን ልጅ ሳሉ በትዕግሥት የሚማሩት ትንሽ ነገር በሰው ፊት በሚያሳፍር ቀን ይገኛል። ዱማ ወደ ፓሪስ በገባ ጊዜ ያሳየው ወርቅ አልነበረም፤ ዘመድም አልነበረም፤ በአንዲት ቍራጭ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቀጥ ያለ መስመር ነበር። በዚያ መስመር ተጀምሮ ስሙ ከቪሌር ኮትሬ እስከ ዛግሬብ፣ ከዛግሬብም እስከ ዓለም ዳርቻ ደረሰ። ስለዚህ ተማሪ የሚጽፈው መስመር ታናሽ ቢሆንም አጣሞ አይጻፈው፤ በእጁ የያዘውንም መጽሐፍ አያቆሽሸው፤ ከእርሱ በኋላ የሚያነብ ሌላ ልጅ አለና።